ለበቅሎ ተብሎ የተገዛ ቃጭል

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ የሁሉቃ ወንዝን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ሰፈራችን እንደታጠፍኩ፣ ከግቢያችን ውስጥ የቃጭል ድምፅ ሰማሁና እግሬ መሬት ላይ ተተከለ። ቃጭል ለአምቦ ብርቅ አይደለም፤ በገበያ ቀን ከወንጪ በኩል የሚወርዱት ፈረሶች አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ነው የሚመጡት፣ ሰውም ጆሮውን አይሰጠውም። ይህንን ግን እኔ ከሺህ ቃጭል መሃል እለየዋለሁ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ስላለችበት እንደ ሌሎቹ ጥርት ብሎ አይጮህም፤ የሚለው ነገር መሃል ላይ እንደጠፋበት ሰው ይንተባተባል።

በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ አንድ ነጭ በግ ከጽዱ ግንድ ጋር ታስሮ ቆሟል። አባቴ «ፋሲካ ሲደርስ ዋጋው አይቀመስም» ብሎ ቀደም አድርጎ ከጉደር ገበያ ያመጣው ነው። ቃጭሉ አንገቱ ላይ ነው። እናቴ ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዛ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ ከሰውነቷ የሚንቀሳቀሱት ጣቶቿ ብቻ ናቸው።

«አንቺ ነሽ ያሰርሽለት?» አልኳት።

«በግ ነው፤ ይጠፋል» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

መጽሐፎቼን አልጋው ላይ ጥዬ ወዲያው ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው፤ ስለ ልጅነትሽ ለማውራት ገና ነሽ የሚለኝ ይኖራል። ነገር ግን ዘንድሮ መጻፍ የሚባል ደስታ አግኝቻለሁ፤ ብዕር ስይዝ ቃሉ እንደ ክረምት ሁሉቃ እየተገፋፋ ይመጣልኛል፣ እኔም እየፈነደቅሁ እከተለዋለሁ። ይህንን ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠገቡ ሆኜ ያየሁት እኔ ነኝ።

ከተማችን በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ትባላለች። አባቴ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሀገረ ሕይወት፣ ሀገረ ሕይወት እያለ ሲጽፍ ይውልና፣ ማታ ኮቱን ሰቅሎ ሲቀመጥ እንደማንኛውም ሰው አምቦ ይላል። ልጅ ሳለሁም የምንኖረው አሁን ባለንበት በዚሁ ቤት ነው፤ ከፊት ለፊታችን የሐጂ ከድር ሱቅ፣ ከጎናችን የእትዬ በለጡ ቤት፣ ከጓሯችን ቁልቁል ሁሉቃ። ነፋሱ ከፍል ውሃው በኩል ሲመጣ ያ ዝገት ዝገት የሚለው ሽታ ቤታችን ይገባል፤ እንግዳ አፍንጫውን ሲይዝ እኛ ልጆቹ የራሳችን ሥራ ይመስል እንኮራ ነበር።

እናቴ ጫልቱ የጌዶ ልጅ ናት። በአማርኛ ትቆጣለች፣ በኦሮምኛ ትስቃለች እንል ነበር፤ ሳቅ በምን ቋንቋ እንደሆነ በምን ይታወቃል የሚለኝ፣ እናቴን ያን ጊዜ ያልሰማ ሰው ብቻ ነው። ሳቋ ከሆዷ ተነስቶ፣ ትከሻዋን ነቅንቆ፣ አጥሩን ዘሎ መንገድ ይሻገራል። ሐጂ ከድር ሱቃቸው ውስጥ ጨው እየመዘኑ ሲሰሙት እጃቸውን ገታ አድርገው «የጸሐፊው ቤት ዛሬ ሥጋ ገብቷል» ይላሉ። ሥጋ በገባበትም ባልገባበትም ቀን ትስቅ ነበር። አባቴ ዝምተኛ ሰው ስለሆነ የሱንም ድርሻ ጨምራ የምትስቅለት እሷ ነበረች።

ወንድሜ የተወለደው እኔ ስምንት ዓመቴ ላይ ሳለሁ ነው። አባቴ ተስፋዬ አለው። በአምስተኛው ቀን ሴቶቹ ለሸነን ተሰበሰቡ። ሸነን የአራስ በዓል ነው፣ ወንድ ድርሽ አይልበትም፤ ገንፎው በትልቅ ገበቴ ይቀርብና መሃሉ ላይ ቅቤው እንደ ወንጪ ሐይቅ ይተኛል፣ ሴቶቹ እየዘፈኑ ይበሉና የተረፈውን ቅቤ አናታቸውን ይቀባሉ። የእናቴ ታላቅ እህት አክስቴ ዲንቄ ቅቤውን በቅል ይዛ ከጌዶ በአውቶቡስ መጥታ ነበር። ዲንቄ አልወለደችም፤ ካገባች ብዙ ዘመኗ ነው። ያን ቀን ወንድሜን ከታቀፈችበት አላወረደችውም፤ ሰው ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ እንዳላየች ሆና አናቱን እያሸተተች ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

እናቴ ደግሞ ያን ቀን ከሁሉም በላይ ደስ ያላት ነበረች። ይህን የምጽፈው አስቤበት ነው፤ በሽታው ቤታችን ሲገባ ደስታ ለብሶ ነው የገባው። ታወራለች፣ ትዘፍናለች፣ የአንዷን ሴት ነጠላ አውልቃ ለሌላዋ ታለብሳለች፤ ሴቶቹም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ አብረዋት ይስቃሉ። እንቅልፍ እንደተዋት ያወቅሁት እኔ ነኝ። አጠገቧ ስለምተኛ፣ በነቃሁ ቁጥር ዓይኗ ጣሪያው ላይ ተተክሎ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ልጁን ማሽተት ጀመረች። እንደ ዲንቄ አይደለም፤ የተበላሸ ወተት እንደሚሸተተው ነው። «ይሄ ልጅ የሌላ ሰው ሽታ አለው» አለችው አባቴን። አባቴም «የቅቤው ነው» አላት።

አንድ ቀን በእኩለ ቀን፣ አራስ ብቻዋን በማትወጣበት ሰዓት፣ ልጁን ታቅፋ በጓሮ በኩል ወደ ሁሉቃ ወረደች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። አራስ ከቤት ስትወጣ ቢላ ወይም ማጭድ በእጇ ትይዛለች፣ ክፉ ነገር ብረት ይፈራል ይባላልና፤ እሷ ብረትም አልያዘች፣ ነጠላም አልደረበች። ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባችና የልጁን አናት ማጠብ ጀመረች፤ አጥብቃ፣ አፈር እንደያዘ ድንች። ውሃው ፊቱን ሲሸፍነው ወንዙ ዳር ልብስ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷ ጮኸችና ሁሉም ተንደረደሩ። ልጁን ነጠቋት። ከዚያ መቷት። በእጃቸው የነበረው የረጠበ ልብስ ስለሆነ የመቷት በእሱ ነው፤ የረጠበ አንሶላ የሰው ጀርባ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ፣ እስከ ዛሬ ሰው ድንጋይ ላይ ልብስ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር ጥርሴ ያውቀዋል። እናቴ አላለቀሰችም። ትስቅ ነበር፤ በዚያው መንገድ በሚሻገረው ሳቅ። «ሰይጣኑ ነው የሚስቀው» አለች አንዷ ሴት። ከዚያ ቀን በኋላ ሰፈሩ የእናቴን ሳቅ በዚህ ስም አወቀው።

እትዬ በለጡ የሰፈራችንን ልጆች ግማሹን ያዋለዱ ሴት ስለሆኑ በሁላችንም ላይ ትንሽ ትንሽ ባለቤትነት ነበራቸው። «ብረት ሳትይዝ ወጣች፤ አለቀ» ብለው ፈረዱ። ነጭ ሽንኩርት ጨምቀው በአፍንጫዋ አደረጉላት፣ በርበሬ አጠኗት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ተጠርቶ መጣና መርፌ ወጋት፤ እሱ ሲወጣ እትዬ በለጡ መርፌ የወጋበትን ቦታ በአመድ አሹት። በመጨረሻ ጸበል ይሻላል ተባለና ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ሆነው ወሰዷት። እዚያ ከግንድ ጋር ታስራ፣ በብርድ፣ ውሃ ሲያፈሱባት ከረመች።

ነገሩ የሆነው እሷ እዚያ ሳለች ነው። ወንድሜ የላም ወተት አልስማማ ብሎት ከስቶ ነበር፤ ከሸነኑ ወዲህ ወደ ጌዶ ያልተመለሰችው ዲንቄ ናት ቀንም ሌሊትም የያዘችው። ባሏ ኦቦ ቶሌራ ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣና ልጁን በጉዲፈቻ ጠየቀ። አባቴ የመንዝ ሰው ነው፤ ኦሮምኛ ይሰማል፣ ወጉንም ያከብራል፣ የማያውቀው ክብደቱን ነው። ለአባቴ ማኅተም ያላረፈበት ነገር፣ ነገር አይደለም። ልጁ እናቱ እስክትድን ድረስ ከአክስቱ ዘንድ የሚቆይ መስሎት፣ ሽማግሌዎቹ የልጁን አናት ቅቤ እየቀቡ የሚሉትን ሁሉ እንደ ምርቃት ቆጥሮ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። «የቶሌራ ልጅ ሁን» አሉ፤ አሜን አለ። «የዲንቄን ጡት እንደጠባህ ይቆጠርልህ» አሉ፤ አሜን አለ። «የሰጠ አይጠይቅ፣ የተቀበለ አይመልስ» አሉ፤ አሁንም አሜን። ከዚያ ቅቤ የነካ እጁን በመሐረብ ጠርጎ እንግዶቹን እስከ አውቶቡሱ ሸኛቸው። ዲንቄ ልጁን በጋቢ ጠቅልላ ተቀመጠች፣ መኪናው እስኪነሳ ድረስም አንዴ እንኳ በመስኮት አላየችንም። ጌዶ ሲደርሱ ስሙን ገመቹ አሉት፤ ደስታ ማለት ነው።

እናቴ ከጸበል የተመለሰችው የእጇን አንጓ ገመድ በልቶት፣ ድምፅዋ ጠፍቶ ነው። ልጇን አልጠየቀችም። ሰው ዞር ባለ ቁጥር ግን ወደ ሁሉቃ ትወርዳለች። ሰፈሩ «ሰንሰለት» አለ። አባቴ ሰንሰለት አልችልም አለና አንድ ቀን እጄን ይዞ ወደ ሐጂ ከድር ሱቅ ተሻገረ።

«ቃጭል ይኖርዎታል?»

«ለበቅሎ ነው ለበግ?»

አባቴ እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «ለበቅሎ» አለ።

በቅሎ እንደሌለን ሐጂ ያውቃሉ፤ ግቢያችን እንዳለ ከሱቃቸው ይታያል። ቢሆንም ከመደርደሪያው አወረዱ፣ አቧራውን እፍ አሉት፣ የቆዳ ማሰሪያ መረቁበት። አባቴ ቤት ገብቶ እናቴ ፊት ተንበረከከና ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሰረላት፣ ለልጅ ጫማ እንደሚያስር ሰው ቀስ ብሎ። «ሰንሰለት አይደለም» አለኝ ሲነሳ፣ እኔ የጠየቅሁት ይመስል።

ከዚያ ወዲህ ሐጂ አባቴን ባዩት ቁጥር «በቅሎዋ እንዴት ናት?» ይሉታል። አባቴም ባርኔጣውን ነካ አድርጎ «ዛሬ ትንሽ በልታለች» ወይም «እንዳለች ናት» ይላል። ሁለት የተከበሩ ሰዎች መንገድ መሃል ቆመው ስለሌለች በቅሎ ጤና ይነጋገራሉ። የሰፈሩ ልጆች ግን እንዲህ ያለ ጨዋነት አልነበራቸውም። እናቴ ብቅ ስትል በአፋቸው ቅጭል ቅጭል እያሉ ይከተሏታል፤ አንዱማ የውሻ አንገት ላይ ጣሳ አስሮ «ጫልቱ፣ ነይ» ብሎ ሲጠራው ሰምቻለሁ። እውነቴን ነው የምለው፣ ውሻው ይመጣ ነበር።

የዳነች ቀን ከእሷ ጋር የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከጥቂት ቀናት ጀምሮ እንቅልፍ መጥቶላት እንደ እህል ጆንያ ተጋድማ ትተኛ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ ጓሮ ስትወጣ መሃል መንገድ ላይ ቆመችና ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«በግ ገዝታችኋል እንዴ?» አለችኝ።

ድምፅዋ የራሷ ነበር። አንድ እርምጃ ሄደችና አዳመጠች፣ ሌላ እርምጃ ሄደችና አዳመጠች። ከዚያ ወደ ታች አየች። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠችና፣ የሚያለቅስ ሕፃን አፍ እንደሚያፍኑ፣ ቃጭሉን በመዳፏ ሸፈነችው። ቀጥሎ የተናገረችው «ልጄስ?» የሚል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ እናቴ ከዚህ ሌላ ጉዳይ የላትም።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ነገርኩት፤ ተንበርክኮ ያሰረውን ተንበርክኮ ፈታው፣ ማሰሪያው ጠብቆ እምቢ ቢለው በጥርሱ። መዳኗን ግን ሰፈሩ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተካፈለው። ጸበሉ ነው ያሉ አሉ፣ ድሬሰሩ መርፌዬ ነው አለ፣ እትዬ በለጡ በነጭ ሽንኩርታቸው ማሉ። እናቴ ራሷ «እንቅልፍ መጣልኝ» ብቻ ነው ያለችው፤ ይህን ማንም አልፈለገውም። የሚያስቀው ነገር፣ ሁሉም አዳንኳት እያለ ማናቸውም መዳኗን አላመኑም። ብትቆጣ «ተነሳባት» ይላሉ፣ ዝም ብትል «ጀመራት» ይላሉ፣ ልብስ ልታጥብ ሁሉቃ ብትወርድ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ሰብስበው ይነሳሉ። አንድ ቀን አንድ ዶሮ የአባቴን ባርኔጣ ገልብጣ ስትገባበት እናቴ እንደ ድሮዋ ፈነዳች፤ ከአጥሩ ማዶ የእትዬ በለጡ ሙቀጫ ቀጥ አለ። እናቴ ሰማችው። አፏን በነጠላዋ ጠርዝ ያዘች፣ ከዚያም ወዲህ ሳቅ ሲመጣባት መጀመሪያ ነጠላዋን ትፈልጋለች፤ እስክታገኘው ሳቁ ይሄዳል።

አባቴ ልጁን ሊያመጣ ጌዶ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው በአክብሮት ተቀበሉት። የተሰጠ ልጅ አይመለስም አሉት፤ ቢመለስ የሰጠውም የተቀበለውም ይረገማሉ። አባቴ «እኔ የፈረምኩት ነገር የለም» አላቸው። ኦቦ ቶሌራ አዘነለት። «ኦቦ ጸሐፊ» አለው፣ «አሜን ብለሃል እኮ። ከአሜን በላይ ምን ፊርማ አለ?»

ክስ መመሥረት ይቻል ነበር፤ አባቴ የሌላውን ሰው ማመልከቻ ሲያሳምር የኖረ ነው። ለዚያ ግን እናቴ ለመዳኗ ምስክር ያስፈልጋታል። እትዬ በለጡን ሄዶ ለመናቸው። «ዛሬ ደህና ናት ብዬ እምላለሁ» አሉት። «ነገን አልምልም።» ያዋለዷት እሳቸው ናቸው፣ ከእሳቸው የተሻለ ምስክር አልነበረንም።

ከጌዶ የመጣ አንድ መልእክት ግን ነበር፤ አባቴ ብዙ ቀን ሳይናገረው ቆየ። ሽማግሌዎቹ ማየቱን አልከለከሉም። ዲንቄ ግን ፈርታለች፣ እህቷ ከኋላዋ የምትመጣባት፣ ልጁን የምትነጥቃት፣ ወንዝ የምትወስድባት ይመስላታል፤ ስለዚህ ጫልቱ ልጁን ማየት ከፈለገች ቃጭሏን አስራ ትምጣ አለች። አባቴ ይህን ሲነግራት ዓይኑን ወለሉ ላይ አድርጎ ነው። እናቴ እህቷን ትረግማለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን «የት ነው ያስቀመጥከው?» አለችው።

ጌዶ የሄድነው ሦስታችን ነን። እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቃጭሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ቀና ብላ ተቀመጠች። የዲንቄ ቤት አቀበት ላይ ነው። በሩ ጋ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ራሷ አሰረችው፣ እንደ ሙሽራ አልቦ። ዲንቄ ልጁን ከኋላዋ አድርጋ ቆማ ነበር።

«ከዚያች ድንጋይ አትለፊ፣ ጫልቱ» አለቻት። «አትንኪው። ማየት ነው።»

«ማየት ነው» አለች እናቴ።

ልጁ መራመድ የጀመረ ሰሞን ነበር። እናቴ እግሯን ትንሽ ስታንቀሳቅስ በዲንቄ ቀሚስ ጎን ብቅ አለ። ቃጭሉ እንደገና ተንተባተበ፣ ልጁ እየወደቀ እየተነሳ መጣና እግሯ ሥር ተቀመጠ፣ ቃጭሉንም በሁለት እጁ ያዘው። እናቴ እጆቿን ወደ ኋላዋ አድርጋ አንዱን በሌላው ቆለፈችው፤ ጣቶቿ ነጭ ሲሆኑ ከጀርባዋ ሆኜ አየሁ። ልጁ ቃጭሉን ነቀነቀ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ ተነስቶ፣ ትንሿን ትከሻውን ነቅንቆ፣ አጥሩን ዘሎ ወጣ። አባቴ ፊቱን አዞረ። ዲንቄም ያወቀችው መሰለኝ፣ ምክንያቱም በነጠላዋ ዓይኗን ጠርጋለች፤ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

እንዲህ እያልን ለዓመታት ተመላለስን። እናቱ መሆኗን ማንም አልነገረውም፣ ወጉ አይፈቅድም። ስም አወጣላት፤ ቢልቢላ አላት፣ በኦሮምኛ ቃጭል ማለት ነው። ከአቀበቱ ሥር ገና ስንጀምር ድምፁን ይሰማና «ቢልቢላ፣ ቢልቢላ» እያለ ቁልቁል ይሮጣል፤ ውሻዎቹ፣ ዶሮዎቹ፣ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ከኋላው። ዲንቄ ፍርሃቷ ሲለቃት ማፈር ጀመረች። «ያንን ነገር ተይው እንጂ፣ ሰው ምን ይለኛል» አለቻት። መንካትም ከተፈቀደላት ቆይቷል። እናቴ ግን አልፈታም አለች። ሰፈርተኛው እብደቷ አሁንም አልለቀቃትም ብሎ ይሆናል፤ እኔ ግን ሲሮጥ ስታየው ፊቷን አይቻለሁ። በአምቦ ያዋረዳት ነገር በጌዶ ስሟ ነበር። ማሰሪያው ሲያልቅ አዲስ ታስቀጥላለች፣ ነሐሱን በአመድ ታሸዋለች።

ባለፈው ጊዜ ስንሄድ ቁልቁል የሮጠ አልነበረም። ገመቹ ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ ቁመቱ ረዝሟል፤ ከጓደኞቹ ጋር በሩ ጋ ቆሞ ጠበቀን። ጓደኞቹ ይገፋፋሉ፣ አንዱ በአፉ ቅጭል አለ። ወንድሜ ጆሮው ቀላ።

«ይሄ ለእብድ ነው የሚታሰረው ይላሉ» አላት፣ በአማርኛ፣ የትምህርት ቤት አማርኛውን እየመረጠ። «እብድ ነሽ እንዴ?»

እናቴ ዝቅ ብላ አየችው። «ነበርኩ» አለች።

«አሁንስ?»

«አሁን ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አታወልቂውም?»

ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ እንዲያምናት የፈለገችውን ነገር አንድ ልጅ በአንድ ጥያቄ አመነላት። እሷም በዚያችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ፈታችው። ልጁ ደስ አለው፤ ጓደኞቹን ዞር ብሎ አያቸው። ከዚያ ቡና ጠጣን፣ ስለ እርሻ ወሬ ተወራ፤ እሱ ወጣ ገባ ሲል ቆየና ስንነሳ ዲንቄ «ተሰናበታት» አለችው። ልጁ ከንፈሩን ከፈተ፣ ያ የለመደው ስም ግን ከቃጭሉ ጋር ነጠላ ውስጥ ተቋጥሯል። ትንሽ ፈለገ። «ደህና ግቢ፣ አክስቴ» አላት፣ በጨዋ ደንብ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ።

በአውቶቡሱ እስከ አምቦ ድረስ እናቴ ቃጭሉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨው እንዳይጮህ ምላሱን በጣቷ ይዛ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጨው ላመጣ ወደ ሐጂ ከድር ሱቅ ተሻገርኩ። ሐጂ አርጅተዋል፣ ሚዛኑን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ነው የሚያዩት። ያን ጥያቄ አባቴን እንጂ እኔን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር።

«የአባትሽ በቅሎ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አልኳቸው። «ቃጭሏንም አወለቀች።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ጨዉን በጋዜጣ ጠቀለሉ፣ ጠርዙን በጥንቃቄ አጠፉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ሳቋስ?» አሉኝ።

ለካ በዚያ ሁሉ ዘመን ሲያዳምጡ ኖረዋል።

«ጌዶ ነው ያለው» አልኳቸው። የገባቸው አይመስለኝም፤ ጨዉን ሰጡኝ፣ እኔም መንገዱን ተሻገርኩ።

ግቢ ስገባ እናቴ እንደ ትናንቱ በርጩማዋ ላይ ናት፣ ባቄላው አላለቀም። በጉ ከጽዱ ሥር ሣር ይፈልጋል። ዝንብ አረፈበትና ራሱን አራገፈ፤ ቃጭሉ ጮኸ፣ መጨረሻው ላይ ተንተባተበ። እናቴ ቀና አላለችም፣ ጣቶቿም መፈልፈላቸውን አላቆሙም፤ አንድ እግሯን ብቻ ሰብሰብ አድርጋ ቀሚሷ ሥር ከተተችው።